ሳርኮማ፦ ሕክምናው፣ የጨረራው ፊዚክስና ከመተማ የሚነሣው መንገድ

የፊዚክስ መምህራን ስለ ነቀርሳ በሽታ ለመጻፍ ምን አነሣሣቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ግማሽ ዕድሜ ባስተማርንበት ዕለት፣ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ የመጣ ተማሪያችን ከክፍል ስንወጣ ተከትሎን መጣና፣ «መምህር፣ ኮባልት-60 በየአምስት ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ፣ ወንድሜ በአሮጌ መሣሪያ ቢታከም የሚያገኘው ግማሽ ሕክምና ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀን። የሰሊጥ እርሻ ሠራተኛ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ጭኑ ላይ እብጠት ወጥቶበት፣ ሐኪሞች ሳርኮማ ነው ብለውት ነበር። ቤተሰቡም የተነገረውን ሕክምና መቀበልና አለመቀበል ላይ ይመካከር ነበር።

መልሱ በአጭሩ «አይደለም» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ካልተገለጸ አጭር መልስ ሰውን አያሳምንም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሳርኮማ ምን እንደሆነ፣ በምን በምን እንደሚታከም፣ የጨረራ ሕክምና በምን ሕግ እንደሚሠራና በቆላማው አካባቢ የሚኖር ሕመምተኛ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሳርኮማ ምንድን ነው?

ሳርኮማ የሚለው ቃል «ሥጋ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አብዛኞቹ ነቀርሳዎች የሚነሡት የሰውነትን ውጫዊና ውስጣዊ ገጽ ከሚሸፍኑ ወይም ዕጢዎችን ከሚሠሩ ሕዋሳት ነው፤ የጡት፣ የማኅፀን በርና የአንጀት ነቀርሳዎች ከእነዚህ ወገን ናቸው። ሳርኮማ ግን ሰውነትን አያይዘው ከሚያቆሙት ክፍሎች፣ ማለትም ከአጥንት፣ ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከደም ሥርና ከመሰሎቻቸው ይነሣል። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት ነቀርሳዎች ውስጥ ድርሻው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በሕፃናትና በወጣቶች ዘንድ ግን ድርሻው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ሳርኮማ አንድ በሽታ አይደለም፤ ከ70 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ፤ የአጥንት ሳርኮማና የለስላሳ አካል ሳርኮማ። ከአጥንት ሳርኮማዎች መካከል ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው በተለይ በፍጥነት በሚያድጉ ወጣቶች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉልበት አካባቢ ይታያል። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ በዚሁ የዕድሜ ክልል ውስጥ ስለሚገኙ ጉዳዩ ከእነርሱ የራቀ አይደለም።

እብጠት ሁሉ ሳርኮማ አይደለም

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ እግሩ ያበጠ ሰው ሁሉ ነቀርሳ ይዞታል ማለት ስሕተት ነው። ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው በዚህ ምድር ሳርኮማን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አሉ።

የመጀመሪያው ማይሴቶማ ነው። ይህ በሽታ የሚመጣው በአፈርና በእሾኽ ላይ የሚገኙ ፈንገሶች ወይም ባክቴሪያዎች በቆሰለ ቆዳ በኩል ሲገቡ ነው። እግር ቀስ በቀስ በዓመታት ውስጥ ያብጣል፤ ሕመሙ ቀላል ነው፤ በኋላም ቆዳው እየተበሳ ጥቃቅን ፍሬ የመሰለ ነገር የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይወጣዋል። ሱዳን ይህ በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በካርቱም የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1991 ተቋቁሞ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በባክቴሪያ የመጣው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይታከማል፤ በፈንገስ የመጣው ደግሞ በፀረ ፈንገስ መድኃኒትና ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይታከማል። ኬሞቴራፒ ለሁለቱም አይሆንም።

ሁለተኛው ካፖሲ ሳርኮማ ነው። በስሙ ሳርኮማ ቢባልም አመጣጡም ሕክምናውም የተለየ ነው። የቪየናው ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ እ.ኤ.አ. በ1872 የገለጸው ይህ በሽታ በቆዳ ላይ ጠቆር ወይም ሐምራዊ ያለ ነጠብጣብና እባጭ ያመጣል። መንስኤው የሆነው ቫይረስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ በኤችአይቪ ምክንያት የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይበረታል። ስለዚህ የሕክምናው መሠረት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ነው። በሽታው ለገፋባቸው ሕመምተኞች ኬሞቴራፒ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ በአፍሪካና በደቡብ አሜሪካ የተካሄደ ጥናት፣ ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጋር የሚሰጠው ፓክሊታክሰል የተባለ መድኃኒት ከተነጻጸሩት ሌሎች ሕክምናዎች የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ተንቀሳቃሽ ሠራተኛና ነጋዴ በሚያልፍበት በመተማ መስመር ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው የደም ምርመራውን ሊፈራው አይገባም፤ ወደ ሕክምናው የሚያስገባው በር እርሱ ነውና።

ከጥርጣሬ ወደ ምርመራ

ታዲያ ሳርኮማን መቼ እንጠርጥር? ከ5 ሴ.ሜ. የሚበልጥ፣ እያደገ የሚሄድ፣ ከቆዳ ሥር ጠልቆ በጡንቻ ውስጥ የተተከለ፣ ወይም አንድ ጊዜ ወጥቶ ተመልሶ የመጣ እብጠት ሐኪም ሊያየው ይገባል። አለማመሙ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የለስላሳ አካል ሳርኮማ ብዙ ጊዜ አያምም። የአጥንት ሳርኮማ ግን ያማል፤ በተለይ ሌሊት የሚቀሰቅስና በሳምንታት የማይሻለው የጉልበት ሕመም ያለበት ወጣት ራጅ መነሣት አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስጠንቀቅ እንወዳለን። አንደኛ፣ ወጌሻ ለውልቃትና ለወለምታ ያለው ችሎታ የታወቀ ቢሆንም፣ ምንነቱ ያልታወቀ እብጠት ሊታሽ፣ ሊተኮስም ሆነ ሊበጣ አይገባውም። ሁለተኛ፣ በሕክምና ቤትም ቢሆን እብጠቱን በችኮላ ቆርጦ ማውጣት አደጋ አለው። ትክክለኛው መንገድ በመጀመሪያ በራጅ፣ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ማየት፣ ቀጥሎም በመርፌ ናሙና ወስዶ (ባዮፕሲ) በፓቶሎጂ ባለሙያ ማስመርመር ነው። መርፌው የሚገባበት ቦታ እንኳ የኋላውን ቀዶ ሕክምና በሚያቅደው ሐኪም ምክር ቢመረጥ ይበጃል፤ መርፌው ያለፈበት መሥመር በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ መውጣት ሊኖርበት ይችላልና።

መዘግየት የሚያስከትለውን ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃናል። የሉል ይዘት ከዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። 5 ሴ.ሜ. ዲያሜትር ያለው ዕጢ ይዘቱ 65 ሜትር ኩብ ሴ.ሜ. ሳይሆን 65 ሴ.ሜ. ኩብ ገደማ ነው፤ 10 ሴ.ሜ. ሲደርስ ግን 524 ሴ.ሜ. ኩብ ይሆናል። ለዓይን እጥፍ የሆነ የሚመስለው ዕጢ በእርግጥ ስምንት እጥፍ አድጓል። «ሰሊጡ ይታጨድና እሄዳለሁ» የሚል ሰው ይህችን ስሌት ቢያውቃት መልካም ነው።

ሦስቱ የሕክምና መንገዶች

የሳርኮማ ሕክምና በሦስት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል፤ ቀዶ ሕክምና፣ የመድኃኒት ሕክምና (ኬሞቴራፒ) እና የጨረራ ሕክምና።

ቀዶ ሕክምና ዋነኛው ነው። ዓላማው ዕጢውን ከዙሪያው ካለው ጤናማ አካል ጥቂት ጨምሮ፣ ሳይከፈት በሙሉ ማውጣት ነው። በቀድሞው ዘመን የእግር ሳርኮማ ማለት እግር መቆረጥ ማለት ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከለወጡት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች የታተመው ነው። ከ43 ሕመምተኞች 16ቱ እግራቸው ወይም እጃቸው ሲቆረጥ፣ 27ቱ ግን ዕጢው ብቻ ወጥቶ ጨረራ ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ወገኖች ኬሞቴራፒ አግኝተዋል። አካላቸው ከተረፈላቸው መካከል በ4ቱ ዕጢው በቦታው ቢመለስም፣ በጠቅላላው በሕይወት በመቆየት በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ዛሬ አብዛኛው የእግርና የእጅ ሳርኮማ ሕመምተኛ በጊዜ ከደረሰ አካሉን ሳያጣ ሊታከም የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ዕጢው ዋናውን የደም ሥርና ነርቭ ከከበበ ግን መቆረጥ አሁንም ሕይወትን የሚያድን ውሳኔ ሊሆን ይችላል።

ኬሞቴራፒ በደም ተሸክሞ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ነው። ሳርኮማ ሲሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር በኩል ወደ ሳንባ ስለሚሄድ፣ በራጅ ገና ያልታዩ ሕዋሳትን የሚያሳድድ ሕክምና ያስፈልጋል። የኦስቲዮሳርኮማ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በመቁረጥ ብቻ ከታከሙት ከአምስቱ አራቱ ገደማ በሽታው በሳንባቸው ተመልሶ ይሞቱ ነበር። ዶክሶሩቢሲን፣ ሲስፕላቲንና ሜቶትሬክሴት የመሳሰሉት መድኃኒቶች ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ግን፣ በሽታው ሳይሰራጭ የተደረሰባቸውና ሙሉ ሕክምና ያገኙ ሕመምተኞች ከግማሽ በላይ ይድናሉ።

ጨረራ ሦስተኛው ነው። ለሁሉም ዓይነት እኩል አይሠራም፤ ዩዊንግ የተባለው የአጥንት ሳርኮማ በጨረራ በቀላሉ ሲጎዳ፣ ኦስቲዮሳርኮማ ግን ይቋቋማል። ከፍተኛ ደረጃ ላለው የለስላሳ አካል ሳርኮማ ጨረራው ከቀዶ ሕክምና ጋር ተጣምሮ ይሰጣል።

ጨረራው እንዴት ይሠራል?

ወደ ሙያችን ደርሰናል። ጋማና ኤክስ ጨረሮች በሕዋስ ውስጥ ሲያልፉ ኤሌክትሮኖችን ከአቶም ያላቅቃሉ፤ በዚህም የሕዋሱን ዲኤንኤ ይሰብራሉ። ጤናማ ሕዋስ ስብራቱን በሰዓታት ውስጥ የመጠገን አቅም አለው፤ የነቀርሳ ሕዋስ በአብዛኛው በዚህ ደካማ ነው። ሕክምናው የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የጨረራ መጠን የሚለካው በግሬይ ነው፤ 1 ግሬይ ማለት በ1 ኪሎ ግራም አካል ውስጥ 1 ጁል ኃይል መቅረቱ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት የተለመደው መጠን 50 ግሬይ ሲሆን፣ በ25 ቀን ተከፍሎ በየቀኑ 2 ግሬይ ይሰጣል፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት ማለት ነው። ለምን በአንድ ቀን አይሰጥም? ጤናማው አካል በየዕለቱ እንዲጠገን ጊዜ ለመስጠት ነው።

ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ 2 ግሬይ ከነቀርሳ ሕዋሳት ግማሹን ብቻ በሕይወት ይተዋል እንበል። ከ10 ቀን በኋላ ከ1024 ሕዋሳት አንዱ ይቀራል፤ ከ25 ቀን በኋላ ከ33 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት አንዱ ብቻ ይቀራል። በ1 ሴ.ሜ. ኩብ ውስጥ አንድ ቢሊዮን ሕዋሳት አሉ ብንል፣ 5 ሴ.ሜ. ዲያሜትር ያለው ዕጢ 65 ቢሊዮን ሕዋሳት ይኖሩታል። ከ25 ቀን ሕክምና በኋላ 2000 ገደማ ይተርፋሉ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ጨረራው ብቻውን ስለማይጨርስ ቀዶ ሕክምናው የግድ ነው፤ እንዲሁም በመካከል የተቋረጠ ሕክምና የተረፉት ሕዋሳት እንደገና እንዲራቡ ዕድል ይሰጣል። በሃያኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው፣ በዚሁ ስሌት፣ 32 እጥፍ የሚበልጡ ሕዋሳትን ይዞ ተመልሷል።

ጨረራው ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ከሆነ መጠኑ ከ60 እስከ 66 ግሬይ ይደርሳል፤ በተቆረጠው ቦታ የደምና የኦክስጅን አቅርቦት ስለሚቀንስና ኦክስጅን ያነሰው ሕዋስ ጨረራን ስለሚቋቋም ነው። የትኛው ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ በቅድሚያ ጨረራ ከወሰዱት 35 በመቶው የቁስል አለመዳን ችግር ሲገጥማቸው፣ በኋላ ከወሰዱት የገጠማቸው 17 በመቶው ናቸው። በሌላ በኩል ከፍተኛው መጠን በዘመን ብዛት እግርን ያደርቃል፣ መገጣጠሚያንም ያግዳል። ምርጫው የሐኪሙና የሕመምተኛው የጋራ ምክር ነው።

የተማሪው ጥያቄ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ሲሆን፣ 1.17 እና 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያላቸው ሁለት የጋማ ጨረሮችን ያመነጫል። ምንጩ ሲያረጅ የሚቀንሰው በሴኮንድ የሚወጡት ጨረሮች ቁጥር ነው። የእያንዳንዱ ጨረር ኃይል ግን ያው ነው፤ ወደ ሰውነት ዘልቆ የመግባት አቅሙም አይለወጥም። ስለዚህ አዲስ ሳለ 2 ግሬይ በ1 ደቂቃ ይሰጥ የነበረ መሣሪያ፣ ከ5.27 ዓመት በኋላ ያንኑ 2 ግሬይ በ2 ደቂቃ ይሰጣል። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ምንጩ በየወሩ 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አውቆ ሰዓቱን ያስተካክላል። ሕመምተኛው ያገኘው ሙሉ መጠኑን ነው።

ጉዳቱ ያለው በሌላ በኩል ነው። ለአንዱ ሕመምተኛ የሚወስደው ጊዜ ሲረዝም በቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ ሰልፉም ይረዝማል። በአገራችን የጨረራ ሕክምና በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ ከተጀመረ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት መላ አገሪቱ የምትታከመው በዚያ አንድ ማዕከል ነበር። ያ ዕብጠቱ ስምንት እጥፍ የሚያድግበት ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ሰልፍ ላይ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጥቁር አንበሳ ሊኒያር አክስለሬተር የተባለው ዘመናዊ መሣሪያ ሥራ ጀምሯል፤ ከአዲስ አበባ ውጭም በጅማና በሐረር ማዕከላት ተከፍተዋል። ይህ መሣሪያ ሬዲዮአክቲቭ ምንጭ ስለሌለው አያረጅበትም፤ ጨረሩም ይበልጥ ዘልቆ ይገባል። በ10 ሴ.ሜ. ጥልቀት የኮባልት ጨረር ከከፍተኛ መጠኑ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለውን ሲያደርስ፣ የ6 ሜጋ ቮልት ሊኒያር አክስለሬተር ሁለት ሦስተኛውን ያህል ያደርሳል። በጭን ውስጥ ለተቀበረ ዕጢ ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። በሁለቱም መሣሪያ ግን አንድ ደንብ ይጠበቃል፤ የእግሩ ዙሪያ በሙሉ አይመታም። በአንድ ወገን ጨረራ ያልነካው ረጅም ሰቅ ካልተተወ ፈሳሽ የሚመለስበት መንገድ ተዘግቶ እግሩ ለዘለቄታው ያብጣልና።

እንክብካቤ በቆላው ምድር

ሕክምናው ሆስፒታል ውስጥ ብቻ አያልቅም። ኬሞቴራፒ ብዙ ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ስለሚሰጥ፣ ሕመምተኛው በመካከሉ ወደ ቤቱ ይመለስ ይሆናል። ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

ትኩሳት፦ መድኃኒቱ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የነጭ የደም ሕዋሳት ቁጥር ይወርዳል። በዚህ ወቅት ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ አደጋ ነው። በመተማ ትኩሳት ሲነሣ ሁሉም «ወባ ነው» ይላል። የወባ ምርመራ መደረግ አለበት፤ ነገር ግን ወባ ቢገኝም ባይገኝም ሕመምተኛው ኬሞቴራፒ ላይ መሆኑን ለጤና ባለሙያው በዚያው ዕለት መንገር ያስፈልጋል። ሌሊቱን ቤት ማሳደር ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። አጎበርም አይዘንጋ።

ውኃ፦ ሲስፕላቲንና አይፎስፋማይድ የተባሉት መድኃኒቶች ኩላሊትን ይጎዳሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ በላብ የሚጠፋው ውኃ ጉዳቱን ያብሳል። የፈላ ወይም የታከመ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ከቀትር ፀሐይም መጠበቅ ያሻል። ዶክሶሩቢሲን በወሰደ ሰው ሽንት ላይ ለአንድ ሁለት ቀን የሚታየው ቀይ ቀለም ግን የመድኃኒቱ ነውና አያስደንግጥ።

ቆዳ፦ ጨረራ ያረፈበት ቆዳ ይጠቁራል፣ ይላጣልም። በለብታ ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ ልቅ የጥጥ ልብስ መልበስና ቅባትም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ አለመቀባት ይገባል።

ሕመም፦ ሕመም የሚታገሡት ዕዳ አይደለም። ከባድ የነቀርሳ ሕመም በሚዋጥ ሞርፊን ይታከማል፤ በሐኪም ትእዛዝ ለሕመም የተወሰደ ሞርፊን ሕመምተኛውን ሱሰኛ ያደርገዋል የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያለ ምክንያት እንዲሠቃይ አድርጓል። በሽታው የማይድን ደረጃ ላይ ቢደርስም ሕመምን ማስታገስና አጠገብ መቀመጥ ራሱ ሕክምና ነው።

ልጅ መውለድ፦ አንዳንድ መድኃኒቶች መካንነት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ወጣቶች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሐኪማቸውን ሊጠይቁ ይገባል።

ክትትል፦ ከሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በየሦስት አራት ወሩ ቦታውንና ሳንባን መመርመር ያስፈልጋል። በሳንባ ላይ በጊዜ የተገኘ ጥቂት ስርጭት እንኳ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ አለ።

መንገዱ

ከመተማ ዮሐንስ በገንዳ ውኃና በአይከል አድርጎ ጎንደር ለመድረስ ወደ 200 ኪ.ሜ. ገደማ ይኬዳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የናሙና ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠራ የአካል ተሃድሶ ማዕከልም አለው። ከጎንደር አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ኪ.ሜ. በላይ ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ጨረራ የሚወስድ የገጠር ሰው ከመድኃኒቱ ዋጋ ይልቅ የሚከብደው የአልጋና የምግብ ወጪ ነው። በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ለሕፃናት ደግሞ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት፣ ከክፍለ አገር ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ በመስጠት ይታወቃሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ የሪፈር ወረቀቱን በሥርዓት ይዞ ቢሄድ ወጪው ይቀልለታል። ራጁን፣ የፓቶሎጂ ውጤቱንና የመድኃኒት ካርዱን በአንድ ከረጢት አድርጎ መያዝም ከብዙ ምልልስ ያድናል።

ለተማሪያችን ይህንኑ በወረቀት ላይ ቀመሩን ጽፈን አስረዳነው። እርሱም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ለአባቴ እንዲህ አድርጌ አስረዳቸዋለሁ፤ ግማሽ ነው ብለው ነው እንቢ ያሉት» አለን። በክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ የሚጠና የሚመስለው የግማሽ ዕድሜ ሕግ አንዳንድ ጊዜ የቤተሰብ ውሳኔ ይጠብቀዋል። አንባብያን ተማሪዎችም የተማራችሁትን ለወላጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ በሚገባቸው ቋንቋ እንድታስረዱ አደራ እንላለን።

መልመጃ

1. አንድ የኮባልት መሣሪያ አዲስ ሳለ በደቂቃ 2 ግሬይ ይሰጥ ነበር። ከ10.54 ዓመት በኋላ በደቂቃ ስንት ይሰጣል? 2 ግሬይ ለመስጠትስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

2. ከጨረራ ምንጭ በ80 ሴ.ሜ. ርቀት የነበረ ሰው ወደ 100 ሴ.ሜ. ቢርቅ፣ በርቀት ካሬ ሕግ መሠረት የሚደርሰው መጠን ከቀድሞው ስንት በመቶ ይሆናል?

3. የአንድ ዕጢ ዲያሜትር ከ4 ሴ.ሜ. ወደ 12 ሴ.ሜ. ቢያድግ ይዘቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?

መልስ፦ 1) 0.5 ግሬይ፤ 4 ደቂቃ። 2) 64 በመቶ። 3) 27 እጥፍ።